«ስፓይክ»ን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ? ሆስፒታል ውስጥ ጉድ ሠርቶኛል

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ
ሰላም ለቤቱ። ሆስፒታል ውስጥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብዙ ቃል አስቸግሮኛል፤ እንደ «ስፓይክ» ያዋረደኝ ግን የለም።

አንዲት እናት ልጃቸው ታሞባቸው ተኝቷል። (ስም፣ ቦታ፣ ሕመም አትጠይቁኝ፣ አልናገርም።) ነርሷ የግሉኮስ ከረጢት ይዛ ገባችና «ይሄን ስፓይክ ላድርገው» አለች። እኔም አፌ ቀድሞኝ «ልትወጋው ነው» አልኩ። እናትየው ከወንበራቸው ብድግ! «ደግሞ የት ልትወጋው? አሁን አይደል እንዴ የወጋችው!» ነርሷ ደንግጣ እኔን ታያለች፣ እኔ ከረጢቱን አያለሁ። ለካ የሚወጋው ከረጢቱ ነው። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ሹል ፕላስቲክ ከረጢቱ አፍ ላይ መሰካት ማለቷ ነበር።

ይሄ ስቀን ያለፍነው ነው። ሁለተኛው አላሳቀኝም። ሲሰናበቱ ዶክተሩ «ትኩሳቱ ስፓይክ ካደረገ በማንኛውም ሰዓት ደውሉ» አለ። «ትኩሳቱ ከጨመረ ይደውሉ» ብዬ አስተረጎምኩ። ሌሊት ላይ 102 ፋራናይት ገባ። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ወደ 99 ወረደ። «ወርዷል እኮ፣ ሰው ከእንቅልፉ ልቀስቅስ?» ብለው ተዉት። በማግስቱ ዶክተሩ «ለምን አልደወላችሁም» ብሎ ተቆጣቸው። ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን። ግን እሳቸው ምን አጠፉ? «ከጨመረ» አልኳቸው፤ ጨምሮ ከተመለሰ አልጨመረም ማለት ነው ብለው ተረዱ። ትክክል ናቸው!

እባካችሁ፣ ይሄን ቃል ምን ትሉታላችሁ?

ዝም_አይነቅዝም
ስፓይክ ነዋ። ኮምፒውተርን ኮምፒውተር ብለን የለ? ለምን ራሳችሁን ታስጨንቃላችሁ።

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ
ወንድሜ፣ እናትየው እንግሊዝኛ ቢያውቁ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?

ነርስ_ሚኒሶታ
እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። በአንድ ፈረቃ ይህን ቃል ስንቴ እንደምንለው ልንገርሽ። ከረጢት ስፓይክ እናደርጋለን። በሽተኛው ስፓይክ ያደርጋል፣ ትኩሳቱን ማለታችን ነው። 38 ሴልሺየስ ወይም በናንተው 100.4 ፋራናይት ከነካ ትኩሳት ብለን እንመዘግባለን፤ ተመልሶ መውረዱ አይሰርዘውም። እንዲያውም እየወጣ እየወረደ የሚሄድ ትኩሳት ከማይወርደው የተለየ ነገር ሊነግረን ስለሚችል ነው ሰዓቱን የምንፈልገው። ዶክተሩ የተቆጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ መቆጣቱ ግን ልክ አልነበረም።

ደግሞ አለልሽ፣ የሚጥል በሽታ ሲመረመር ራስ ላይ ሽቦ ይለጠፍና የአንጎል ሞገድ በወረቀት ወይም በስክሪን ይወጣል። እዚያ ላይ ድንገት ሾሎ የሚነሳው መስመር ስፓይክ ነው። ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ከ20 እስከ 70 ሚሊ ሰከንድ ብቻ። ትምህርት ቤት እያሉ ድንገት ፈዘው የሚቀሩ ልጆች አሉ አይደል? እነሱ ላይ ስፓይኩና ሞገዱ እየተፈራረቁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይመጣሉ። ይሄን ለወላጅ ሳስረዳ ጣቴን ነው የምጠቀመው፦ ጠረጴዛው ላይ ወደ ላይ ሹል፣ ወደ ታች ሹል እያደረግሁ። ቃሉን ትቼዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው የኮረና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. 2021 ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ስለ ክትባቱ አስረጂ ተባልኩ። ስፓይክ ፕሮቲንን «ቫይረሱ አክሊል አለው፣ አክሊሉ ላይ ያለው እሾህ ነው» አልኳቸው። ኮረና ማለት አክሊል ነውና ጥሩ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር። አንድ አዛውንት ተነሡና «ልጄ፣ የጌታን የእሾህ አክሊል ከዚህ መቅሰፍት ጋር አታያይዢብን» አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቁልፍ» ነው የምለው፦ ቫይረሱ የሰውነታችንን በር የሚከፍትበት ቁልፍ። ክትባቱ ቁልፉን ብቻ ያሳየናል፣ ሌባውን አያመጣብንም። ይሄን ማንም አልተቃወመኝም።

የአሰላ_ልጅ
እኛ ሯጮቹ ጋ ስፓይክ ሲባል ጫማ ብቻ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳለው አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት 😂 ሹሎቹን «ጥርስ» ነበር የምንላቸው። «ጥርሱ ወልቋል»፣ «ጥርስ አበድረኝ» ይባባላል። በትንሽ ቁልፍ ተጠምዝዞ ይወጣል፣ ይገባል። ጃንሜዳ አገር አቋራጭ ላይ ጭቃ ካለ ረጅሙ ይገባል፤ መም (የመሮጫው ትራክ) ላይ ያን ይዘህ ብትገባ ዳኛው ያባርርሃል። ደንቡ በአንድ ጫማ ከ11 ጥርስ አይበልጥም ይላል፤ መም ላይ ርዝመቱ እስከ 9 ሚሊ ሜትር፣ ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ እስከ 12።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2020 ቫሌንሲያ ላይ በአንድ ምሽት ሁለት ክብረ ወሰን ተሰበረ፦ ለተሰንበት ግደይ 5 ሺውን በ14:06.62፣ ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ 10 ሺውን በ26:11.00። የኛው ቀነኒሳ ብራሰልስ ላይ የሮጣት 26:17.53 ከ2005 ጀምራ ቆማ የነበረች ናት። ከዚያ «ሱፐር ስፓይክ ነው ያሮጣቸው» የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ግን እኮ ሹሉ አይደለም ያሮጠው! ሹሉ ድሮም ነበረ፣ ቀነኒሳም አድርጎታል። አዲሱ ነገር ስፖንጁና ውስጡ ያለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ደንቡም ወደ ሶሉ ውፍረት ዞሯል፤ ከኅዳር 2024 ወዲህ በመም ሩጫ 20 ሚሊ ሜትር ነው ጣሪያው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ስፓይክ። ሹሉ ከሥራው ተሽሮ በስሙ ይኖራል።

ዝም_አይነቅዝም
ኳስ ተጫዋቾቹስ? የኳስ ጫማም ስፓይክ አለው።

የአሰላ_ልጅ
እሱማ ታኬታ ነው። እንዴት ታኬታ ይጠፋሃል!

መምህር_በጡረታ
ልጆቼ፣ ታኬታ ከተነሣ ዘንድ ጣሊያን ትቶልን የሄደውን ላስታውሳችሁ። ታኬታ የጣሊያን ነው። የሴቶቹ ታኮ ጫማም የጣሊያን ነው፤ እንግሊዞች ቀጭኑን ታኮ ስፓይክ ይሉታል። ስፒልም የጣሊያን ነው። ብዙ ተማሪዎቼ «ስፒል» ከ«ስፓይክ» የመጣ ይመስላቸው ነበር፤ አይደለም። የጣሊያኑ ስፒሎ ሥሩ በላቲን ትንሽ እሾህ ማለት ነው። አገራችን ሹል ነገር ሲገባ ሁሉ ከነስሙ ነው የገባው፤ የራሳችን ሹል ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር። ወስፌ፣ ካስማ፣ ችካል፣ ጋሬጣ፣ ምስማር፣ መርፌ፣ እሾህ። ግዕዙ እሾህን ሦክ ይለዋል።

ልብ በሉ ግን። ወስፌ የምንለው ሰፌድና መሶብ ስለሚሰፋ ነው፤ ካስማ ድንኳኑን ስለሚይዝ፤ ጋሬጣ መንገድ ስለሚዘጋ። እኛ ሹልን በሥራው ነው የምንጠራው። እንግሊዙ መልኩን አይቶ ሁሉንም በአንድ ስም ጠራ፣ የወረቀት ላይ መስመር እንኳ ከሾለ ስፓይክ አለው። ስለዚህ እህታችን አንድ ቃል አትፈልጊ፤ ምን እንደሚሠራ ጠይቂና ሥራውን ተናገሪ።

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛውም አንድ ቃል አይደለም። ሁለት ቃላት በድምፅ ተገጣጥመው ነው። ትልቁ ምስማር ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ነው። ሌላው ከላቲን የመጣው የስንዴና የገብስ ራስ ነው፤ እኛ ዛላ የምንለው። ዕፅዋት የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም የስንዴን ዛላ ስፓይክ ይሉታል።

ሐይፋ_ነኝ
መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። እዚህ እስራኤል «ስፓይክ» ስትሉ ሰዉ መጀመሪያ የሚያስበው ታንክ የሚመታውን ሚሳኤል ነው፤ ስሙ ያ ነው። ግን እርስዎ ዛላን ሲያነሡ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዕብራይስጥ የስንዴ ዛላ ሺቦሌት ይባላል። ያው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ያለው ነው። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉታል፤ ኤፍሬማዊው «ሲቦሌት» ይላል፤ ያርዱታል። 42,000 ሰው። በአንዲት የእህል ዛላ።

አባቴ ከጎንደር ገጠር በመጡ በመጀመሪያው ዓመት ዕብራይስጥ ሲማሩ ይሄን ቃል ሲሰሙ «ይሄማ ሰብል ነው!» አሉ። አስተማሪዋ ሳቀች። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ።

መምህር_በጡረታ
አባትህ ሊቅ ናቸው። የግዕዙ ሰብል የእህል ራስ ማለት ነው፣ የሺቦሌት ሥጋ ዘመድ። የዐረቡም ሱንቡላ እዚያው ነው። እኛ ዛሬ ሰብል ስንል እርሻ ላይ ያለውን ሁሉ ሆነና ዛላው ተረሳ።

አውደ ነገሥት ያየ ሰው ደግሞ ሰንቡላን ያውቃል፤ ከ12ቱ ከዋክብት አንዷ ናት። ከዐረብኛው ነው የመጣችው። ፈረንጆቹ ያንኑ የከዋክብት ስብስብ በሴት ይሥሉና እጇ ላይ ዛላ ያስይዟታል፤ ዛላው ያለበት ደማቅ ኮከብ በላቲን ስፒካ ይባላል። ስፒካ ነው የዛላው ስፓይክ የሆነው። ስለዚህ «ኮከቤ ሰንቡላ ነው» የሚል ሰው ሳያውቀው «ኮከቤ ስፓይክ ነው» እያለ ነው 🙂

ናርዶስ_ዱባይ
ውይ! እኔ ሰንቡላ ነኝ። እዚህ ዱባይ ሱንቡላ የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማለሁ፣ ከኛ ጋር መያያዙን ግን ዛሬ አወቅሁ።

መምህር_በጡረታ
ናርዶስ፣ አንቺማ ሁለት ጊዜ ስፓይክ ነሽ። ማርቆስ 14 ላይ ሴቲቱ በጌታ ራስ ላይ ያፈሰሰችው «የከበረ ጥሩ ናርዶስ ሽቱ» ነው። የድሮውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኪንግ ጄምስ የሚባለውን፣ ክፈቺ፤ ስፓይክናርድ ይላል። የናርዶስ ዛላ እንደ ማለት ነው። በስምሽ ውስጥ ዛላ አለ።

ናርዶስ_ዱባይ
እናቴ እሾህ ነሽ ትለኝ ነበር፤ እሷም አወቀች ማለት ነው 😭

የድሬ_ልጅ
ባቡር ያልገባበት ወሬ ወሬ አይደለም። የሀዲድ ምስማርም ስፓይክ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሁለቱ ሀዲዶች ዩታ ላይ ሲገናኙ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1869 መሆኑ ነው፣ የወርቅ ስፓይክ ተመታ ይባላል። «ተመታ» ውሸት ነው! ወርቅ ለስላሳ ነው፣ በመዶሻ ቢመታ ይጣመማል። አስቀድሞ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት፣ ፎቶ ተነሡ፣ አወጡት። ሀዲዱን ከእንጨቱ ጋር የያዘው የመጨረሻው ምስማር ተራ ብረት ነበር። የወርቁ ዛሬ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። በቴሌግራፍ ለአገሩ ሁሉ የተላለፈው መልእክት «ተፈጸመ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ዓለቱን የፈለጡት ቻይናውያን ናቸው፤ ብዙዎቹ ታዋቂው ፎቶ ላይ የሉም።

ጋዜጠኛ_ነበርኩ
ስለ ምስማር ካወራን ሙያዬ ይቆጠርልኝ። በድሮ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቤት አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከታች ጠፍጣፋ መሠረት ያለው ቀጥ ብሎ የቆመ ሹል ብረት ይቀመጥ ነበር። የማይታተም ዜና እዚያ ላይ ችክ! ይደረጋል። ስለዚህ ዜና «ስፓይክ» ተደረገ ማለት ታፈነ፣ ታገደ ማለት ነው። ያን ብረት አይታችሁታል እኮ፤ በየምግብ ቤቱ ካሸር አጠገብ ቢል የሚሰካበት ምስማር እሱ ነው። የኛ አለቃ ምስማር አልነበረውም። «እናየዋለን» ነበር የሚለው። ከምስማር የባሰ ነው፤ ምስማር ላይ ያለውን ወረቀት ቢያንስ ታየዋለህ።

ሌላም አለ። በጦርነት ጊዜ ጥለውት የሚሸሹትን መድፍ ጠላት እንዳይጠቀምበት ባሩዱ የሚቀጣጠልባት ቀዳዳ ላይ ምስማር ይቀረቅሩባታል። መድፉ አለ፣ ግን አይተኩስም። አንድ ሰው ያሰበውን ነገር አስቀድመህ ስታከሽፍበት «መድፉን ስፓይክ አደረገበት» የሚሉት ከዚያ ነው።

ቃልኪዳን_ሊድስ
የመጠጡን ማንም አላነሳም? ለሴቶች ዋናው እሱ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ «መጠጥሽ ስፓይክ ተደርጎብሻል?» የሚል ማስታወቂያ አለ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን እውነት ሹል ነገር ብርጭቆ ውስጥ የሚከቱ መስሎኝ ነበር። 2021 ላይ ደግሞ «በመርፌ ወጉኝ» የሚሉ ሴቶች በዙና ነገሩ ጭራሽ ተደበላለቀብኝ። በአማርኛ ግን በጣም ግልጽ ነው፦ «መጠጧ ውስጥ ነገር ጨመሩበት»። «ነገር» ሲባል ሁሉም ይገባዋል። አገር ቤት አክስቴ «ከሰው እጅ አትጠጪ» ትለኝ ነበር፤ ይሄን ሁሉ ማስታወቂያ በሦስት ቃል።

ኤሌክትሪሻን_22
የኔ አጭር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁን የሚያቃጥለው ስፓይክ ይባላል። ደንበኛዬን «መብራቱ ሲመጣ በኃይል ነው የመጣው» እለዋለሁ፤ ተግባብተናል። ቮልቴጅ፣ ሚሊ ሰከንድ እያልኩ ብዘበዝብ ስታቢላይዘሩን አይገዛኝም።

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ
አንጀቴን አራሳችሁት፣ ተባረኩ። ጋሽ መምህር፣ ሥራውን ተናገሪ ያሉኝ ገብቶኛል። ከረጢቱ «መሰካት»፣ መጠጡ «ነገር መጨመር»፣ ዜናው «ማገድ»። ትኩሳቱ ግን አሁንም አልተፈታልኝም። «አሻቀበ» ስል ወጥቶ የቀረ ይመስላል። «ጣሪያ ነካ» ለሽንኩርት ዋጋ ነው። ወጥቶ የሚወርድ፣ ቶሎ የሚወርድ፣ ግን ከቁም ነገር የሚገባ ምን አለን?

ነርስ_ሚኒሶታ
«ብልጭ ብሎ ከጠፋም»?

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ
ብልጭታ ብርሃን ሆነብኝ። አምፖል የበራ እንዳይመስላቸው።

የአሰላ_ልጅ
«ተፈናጥሮ» 😂

ዝም_አይነቅዝም
ግንፍል።

ዝም_አይነቅዝም
ምን ታዩኛላችሁ፣ እውነቴን ነው። ወተት ስታፈሉ ግንፍል ብሎ ይወጣና እሳቱን ስትቀንሱ ተመልሶ ይወርዳል። ቁጡ ሰውንም «ግንፍል ይላል፣ ወዲያው ይበርዳል» እንለዋለን። ያ አይደለም የምትፈልጊው?

መምህር_በጡረታ
አንተ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ዝም ባትል ምን ነበረበት!

ነርስ_ሚኒሶታ
እኔ ትንሽ እፈራለሁ። ወተት እሳቱን ስትቀንሽለት ነው የሚመለሰው፤ ትኩሳት ራሱ ነው የሚወርደው። «ወረደ፣ አበቃ» እንዳይሉ። ከተጠቀምሽበት ቁጥሩን አብረሽ ንገሪያቸው፦ 100.4 ከነካ፣ ቢወርድም።

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ
(ከአምስት ቀን በኋላ) ለሌላ ቤተሰብ ተጠርቼ ነበር፣ አያት ናቸው ልጁን የሚጠብቁት። ያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ሐኪሟን ይቅርታ ጠይቄ «ቢወርድም ይደውሉ ማለትሽ ነው?» አልኳት፣ አዎ አለች። ከዚያ ለእማማ፦ «ትኩሳቱ ሌሊት ግንፍል ብሎ ቢወጣ፣ መልሶ ቢበርድም እንኳ፣ ቁጥሩ 100.4 ከነካ ይደውሉ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንደ ወተት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ እንደ ወተት።»

«ታዲያ የተጣደ ወተት ትቶ ማን ይተኛል» ብለው ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጉት።

ነርስ_ሚኒሶታ
ነይ ወደኛ ፈረቃ። ከረጢቱንስ ምን አልሽ?

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ
ሳልጠየቅ «ቱቦውን ልትሰካ ነው፣ ልጁን አትነካውም» አልኩ። የመጨረሻዋ ክፍል ግን በእንግሊዝኛው ላይ አልነበረችም፤ ለሐኪሟም እንደጨመርኩ ነግሬያታለሁ።